እጅ የሚሰጥበት ቅጽበት

በባህላዊው ትግል ሁለቱ ወገብ ለወገብ ይያያዛሉ፤ አንዱ ሌላውን ሲጥለው ነገሩ አለቀ። በጁዶና በብራዚል ጁጂትሱ ግን ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ከወደቁ በኋላ ነው። የወደቀውን ተጭኖ መያዝ አለ፤ ከዚያም ክንዱን ቆልፎ እጅ ማሰጠት። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መሸጋገሪያው ሲታይ የጉልበት ይመስላል፤ ቀርቦ ላየው ግን የትዕግሥት ትምህርት ነው።

ትምህርት ያልኩት በምክንያት ነው። ምሳሌዬን የማሳይበት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 መምህራንን ለማፍራት ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። ጁዶን እ.ኤ.አ. በ1882 ቶክዮ ውስጥ የመሠረተው ጂጎሮ ካኖም መምህር ነበር፤ የቶክዮን ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ለረጅም ዓመታት መርቷል። የጥንቱን ጁጂትሱ ደረጃ በደረጃ ወደሚሰጥ ትምህርት ያሸጋገረውም እሱ ነው።

አሁን ፔዳ ግቢ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ፍራሽ ላይ ወርደዋል እንበል። አንዱ በጀርባው ተኝቷል። ሌላው ከቀኝ ጎኑ ሆኖ ደረቱን ደረቱ ላይ አሳርፏል፤ ዳሌውን ዝቅ አድርጎ፣ ክብደቱን ከጉልበቱ አንሥቶ በተያዘው ላይ ጥሎታል። በጁዶ ይህን ለ20 ሰከንድ ያጸና ያሸንፋል። ስለዚህ ከታች ያለው ዝም ብሎ ሊተኛ አይችልም፤ ይገፋል። የላይኛው የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው።

የታችኛው በግራ እጁ ሲገፋ ክርኑ ከጎኑ ይርቃል። የላይኛው በግራ እጁ አንጓውን ይዞ ከጆሮው አጠገብ ፍራሹ ላይ ያስተኛዋል፤ መዳፉ ወደ ላይ፣ ክርኑ በቀጤ ማዕዘን የታጠፈ። ከዚያ ቀኝ ክንዱን ከተያዘው ላይኛ ክንድ ሥር አሾልኮ የገዛ ራሱን ግራ አንጓ ይይዛል። ቁልፉ ገባ። የቀረው የተያዘውን እጅ ከፍራሹ ሳያስለቅቁ ወደ ወገቡ መጎተትና ክርኑን በዝግታ ማንሣት ነው። ኃይሉ ትከሻና ክርን ላይ ያርፋል። ጀማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ እጁን ለመያዝ ሲቸኩል ደረቱን ያነሣል፤ ደረቱ ሲነሣ የታችኛው ያመልጣል። ደረት ሳይላቀቅ እጅ ይሠራል።

የታችኛው ክንዱን ቢዘረጋ ክርኑ ቀጥ ብሎ ይቆለፋል። እጁን ወደ ወገቡ ቢያወርድ ደግሞ ተመሳሳዩ አያያዝ ተገልብጦ ይሠራል። ይህ ሁለተኛው «ኪሙራ» ይባላል፤ ጃፓናዊው ማሳሂኮ ኪሙራ እ.ኤ.አ. በ1951 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ ብራዚላዊውን ኤልዮ ግሬሲን ያሸነፈበት ነው። የግሬሲ ክንድ ተሰበረ፤ እሱ ግን እጅ አልሰጠም፤ ግጥሚያውን ያስቆመው የራሱ ወገን ነው።

ልምምድ ላይ ግን እንዲህ ያለ ጽናት አያስፈልግም። የተያዘው በነጻ እጁ ፍራሹን ወይም የጓደኛውን ገላ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፤ ያዡም ወዲያው ይለቃል። በቋንቋችን መሸነፍን ማመን «እጅ መስጠት» ነው፤ እዚህ አባባሉ ቃል በቃል ይፈጸማል። መታ ያደረገውን ጓደኛውን ያልለቀቀ ሰው ቁልፉን ቢያውቅም ትምህርቱን አልተማረም። የለቀቀ ግን የጓደኛውን ክንድ ደኅና አድርጎ መልሶለታል፤ ስለዚህ ሁለቱ ተነሥተው እንደገና ይያያዛሉ።