ዋልካ ላይ የሚጸና መንገድ

የበቾን፣ የእነዋሪን ወይም የፎገራን ሜዳ በበጋ ያየ ሰው እጅ የሚያስገባ የመሬት ስንጥቅ ያውቃል። ሐምሌ ላይ ያው መሬት አብጦና ላቁጦ የጭነት መኪና ጎማ ይውጣል። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍነው ይህ ዋልካ፣ መረሬም ይሉታል፣ ለጤፍና ለሽምብራ ጥሩ ነው፤ ለመንገድ ግን ጠላት ነው።

ምክንያቱ ሞንትሞሪሎናይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ነው። ቅንጣቶቹ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርበዋል። በመካከላቸው ውሃ ሲገባ ይራራቃሉ፤ ሲደርቅ ይጠጋጋሉ። ስለዚህ ላዩ ላይ ጠጠር ቢከመርበትም ሥሩ ከዓመት ዓመት ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ በክረምት ጠጠሩ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። ጠጠር በጠጠር ላይ መጨመር ብቻውን መፍትሔ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሥሩን የሚለውጠው ኖራ ነው። ከደረቀው አፈር ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 በመቶ የሚሆን ኖራ በደንብ ሲደባለቅ፣ ካልሲየሙ ቅንጣቶቹን ይይዛቸዋል፤ እጅ ላይ ይጣበቅ የነበረው ጭቃ በሰዓታት ውስጥ ፍርፍር ይላል። ሁለተኛው ለውጥ ዝግ ያለ ነው። ኖራው የአፈሩን ፒኤች እስከ 12.4 ያደርሰዋል፤ በዚህን ጊዜ ከሸክላው ሲሊካና አሉሚና ይሟሟሉ፣ ከካልሲየሙ ጋር ተዋህደው ሲሚንቶን የሚያጠነክረውን የመሰለ ማጣበቂያ ይሆናሉ። ይህ ለወራት ይቀጥላል። በሮለር የተጠቀጠቀው ንጣፍ ለሳምንት ያህል እርጥበቱ መጠበቅ አለበት፤ ይህን መዝለል ኖራውን ማባከን ነው።

እሳተ ገሞራ የጣለው ሬድ አሽ በቅርብ በሚገኝበት አካባቢም ረከስ ያለ አማራጭ አለ፦ ብቻውን ሲነጠፍ ይበታተናል፤ ደቃቅ አፈር ሲጨመርበት ግን ይያያዛል።

ሆኖም ኖራውም ሬድ አሹም ውሃ ከተኛባቸው ከንቱ ናቸው። ጠጠር መንገድ መሃሉ ከፍ ብሎ ወደ ግራና ቀኝ ከ4 እስከ 6 በመቶ መዝቀዝቀዝ አለበት፤ ስፋቱ 6 ሜትር ከሆነ መሃሉ ከዳሩ ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል ማለት ነው። ቦዩም ከንጣፉ ሥር ዝቅ ብሎ መቆፈር፣ ቱቦውም ከደለል መጽዳት ይኖርበታል። ይህ ሥራ ማሽን አይጠይቅም፤ አካፋና ዶማ ይበቃዋል። የቀበሌ አመራሮችና ነዋሪዎች፣ ሰኔ ሳይገባ ቦዩን ጥረጉ።