ሊኑክስ ከተሻሻለ በኋላ አልነቃ የሚል ላፕቶፕ፦ ተረትና እውነታ

ላፕቶፕን ሳያጠፉ ማስተኛት፣ ማለትም የተከፈተው ሥራ ራም ውስጥ እንዳለ ተጠብቆ ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑና ሌሎች ክፍሎች ኃይል መሳብ እንዲያቆሙ ማድረግ፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ ሰስፔንድ ይባላል። የሊኑክስ ሥርዓት ወደ አዲስ ዕትም ከተሻሻለ በኋላ ቅሬታ ከሚበዛባቸው አገልግሎቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ክዳኑ ሲዘጋ አልተኛ የሚል፣ ተኝቶ አልነቃ የሚል ወይም ተኝቷል ሲባል ቦርሳ ውስጥ ግሎ የሚገኝ ላፕቶፕ ባለቤቱን ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ያሳጣዋል። ጉዳቱን የሚያብሰው ደግሞ ስለ ብልሽቱ በሰፊው የሚታመነው የተሳሳተ ሐሳብ ነው፤ ሰውን ያለምርመራ ወደ መፍትሔ ስለሚያጣድፈው፣ በአጭር ጊዜ ሊደረስበት የሚችለው ምክንያት ሳይታወቅ ይቀራል።

ተረት 1፦ «እንቅልፍ ሁሉ አንድ ነው፤ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም።»

እውነታው፦ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት ኤሲፒአይ የተባለ ደንብ፣ ፈርምዌሩ (በማዘርቦርዱ ላይ ተጭኖ የሚመጣው መሠረታዊ ፕሮግራም) እና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ስለ ኃይል አጠቃቀም እንዴት እንደሚግባቡ ሲወስን፣ የእንቅልፍ ደረጃዎችንም በቁጥር ለይቷል። ኤስ 3 በሚባለው ደረጃ ከራሙ በስተቀር አብዛኛው ክፍል ኃይሉ ይቋረጣል፤ ኤስ 4 በሚባለው ደግሞ የራሙ ይዘት ወደ ዲስክ ተጽፎ ማሽኑ ይጠፋል። ከጊዜ በኋላ የመጣው ሦስተኛው መንገድ፣ በሊኑክስ ኤስ-ቱ-አይድል የሚባለው፣ ማሽኑን ለፈርምዌሩ ከማስረከብ ይልቅ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ፕሮግራሞችን አቁሞ፣ መሣሪያዎችን አንድ በአንድ ዝቅተኛ ኃይል ላይ አውሎ፣ ፕሮሰሰሩን ሥራ ፈትቶ እንዲጠብቅ የሚያደርግበት ነው።

ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ኤስ 3ን ከፈርምዌራቸው አስወጥተው በዚህ በሦስተኛው መንገድ ብቻ ይተኛሉ። የሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ 1 ካርቦን ስድስተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ኤስ 3 አልነበረውም፤ በዚያው ዓመት በወጣ የፈርምዌር ማሻሻያ ግን «ሊኑክስ» እና «ዊንዶውስ 10» የሚሉ ሁለት የእንቅልፍ ምርጫዎች ቀርበው፣ የመጀመሪያውን የመረጠ ሰው ኤስ 3ን ማግኘት ችሏል። አንድ ማሽን የትኛውን እንደሚደግፍ ለማወቅ በ«ሲስ» ማውጫ ሥር፣ «ፓወር» ውስጥ ያለውን «ሜም ስሊፕ» የተባለ ፋይል ማንበብ ይበቃል፤ በፋይሉ ከተዘረዘሩት ውስጥ በአራት ማዕዘን ቅንፍ የታጠረው በሥራ ላይ ያለው ሲሆን፣ «ዲፕ» የሚለው ቃል ኤስ 3ን ያመለክታል። «ዲፕ» ጨርሶ ካልተዘረዘረ፣ ከሌላ ሰው ማሽን የተቀዳ ትእዛዝ በማስነሻው ላይ መጨመር ፈርምዌሩ የሌለውን ነገር ሊሰጥ አይችልም።

ተረት 2፦ «ጥፋቱ የአዲሱ ከርነል ነው።»

እውነታው፦ ከርነሉ፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚቆጣጠረው የሥርዓቱ እምብርት፣ በማሻሻያው ከሚለወጡት ነገሮች አንዱ ብቻ ነው። ከእሱ ጋር የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ አገልግሎቶችን የሚያስተዳድረው ሲስተምዲ፣ የዴስክቶፑ ፕሮግራሞችና አንዳንድ ጊዜም ፈርምዌሩ አብረው ይለወጣሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 የወጣው ሲስተምዲ 256 ማሽኑ ከመተኛቱ በፊት የተጠቃሚውን ፕሮግራሞች በሙሉ የሚያግድ አሠራር አምጥቶ ነበር፤ ይህ አሠራር ከኤንቪዲያ ድራይቨር ጋር በተጋጨባቸው ማሽኖች ላይ ሲነቁ ችግር ታይቷል፣ ከርነሉም በዚህ ውስጥ እጁ አልነበረበትም።

ከርነሉን ከጥርጣሬ ለማውጣት ወይም ጥፋተኛነቱን ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። ኡቡንቱ ቀድሞ የነበረውን ከርነል ሳይሰርዝ ያቆያል፤ ፌዶራም ካልተለወጠ በቀር ሦስት ከርነሎችን ያስቀምጣል። ማሽኑ ሲነሣ በግረብ ማስነሻ ዝርዝር ላይ የቀድሞውን ከርነል መርጦ ማስተኛትና ማንቃት መሞከር ይቻላል፤ በቀድሞው ሠርቶ በአዲሱ እንቢ ካለ ጥርጣሬው ወደ ከርነሉ፣ ወይም ለአዲሱ ከርነል በትክክል ወዳልተገነባ ድራይቨር ያመዝናል፤ በሁለቱም እንቢ ካለ ግን ፍለጋው ወደ ሌሎቹ መዞር አለበት።

ተረት 3፦ «ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ማሽኑ አልነቃም።»

እውነታው፦ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ነቅቶ ሥራውን ቀጥሏል፤ ያልተመለሰው ምስሉ ብቻ ነው። ካፕስ ሎክ ሲጫኑ መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ ሲገቡበት መልስ ከሰጠ፣ ከርነሉ በሕይወት አለ ማለት ስለሆነ ምርመራው በግራፊክሱ ላይ ይወሰናል። በኤንቪዲያ ካርዶች ላይ ይህ የታወቀ ምክንያት አለው። ካርዱ ኃይል ሲቋረጥበት በራሱ ማስታወሻ የያዘውን ያጣል፤ ድራይቨሩም ልዩ ምርጫ ካልተሰጠው በስተቀር ከዚያ ማስታወሻ ጥቂቱን ብቻ ስለሚያድን፣ ከእንቅልፍ በኋላ የተበላሸ ምስል ወይም ባዶ ስክሪን ይታያል። ማስታወሻው በሙሉ እንዲድን ምርጫው መከፈት፣ ድራይቨሩ ይዟቸው የሚመጣው የማስተኛና የማንቂያ አገልግሎቶች ሥራ ላይ መዋል፣ ይዘቱ የሚጻፍበት ዲስክም በቂ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ማሻሻያው ከነዚህ አንዱን ካጠፋ ችግሩ ይመለሳል።

ተረት 4፦ «ተኝቶ ባትሪ የጨረሰ ላፕቶፕ ባትሪው አርጅቷል።»

እውነታው፦ ባትሪ ማርጀቱ እውነት ቢሆንም፣ ከማሻሻያው ማግስት የጀመረ ብክነት ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ምንጭ አለው። አንደኛው፣ በኤስ-ቱ-አይድል የተኛ ማሽን አንድ መሣሪያ ብቻ አልተኛም ካለ ፕሮሰሰሩ ጥልቁ የኃይል ቁጠባ ላይ ሳይደርስ ሌሊቱን ያሳልፋል። ሁለተኛው፣ በዩኤስቢ የተሰካ ማውስ ወይም የኔትወርክ ካርድ ማሽኑን ደጋግሞ ይቀሰቅሰዋል፤ የመቀስቀስ መብት ያላቸው መሣሪያዎች ዝርዝር በ«ፕሮክ» ማውጫ ሥር፣ «ኤሲፒአይ» ውስጥ ባለው «ዌክአፕ» የተባለ ፋይል ስለሚገኝ፣ የተጠረጠረውን አንድ በአንድ እያጠፉ መፈተን ይቻላል።

ተረት 5፦ «ማሽኑ በግድ ከጠፋ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።»

እውነታው፦ በኡቡንቱና በፌዶራ የሥርዓቱ መዝገብ ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ያለፈውን መነሣት መዝገብ እንዲያሳይ ጆርናል-ሲቲኤል የተባለውን ትእዛዝ ማዘዝ ይቻላል። በመዝገቡ «ሰስፔንድ ኢንትሪ» የሚል መስመር ወደ እንቅልፍ መግባትን፣ «ሰስፔንድ ኤግዚት» የሚለው ደግሞ መውጣትን ያመለክታል። ሁለቱም ካሉ ከርነሉ ነቅቷልና ጥርጣሬው ከእሱ በኋላ ባሉት ላይ ነው። መዝገቡ በመግቢያው መስመር ላይ ከተቋረጠ ግን ማሽኑ ሲተኛ ይሁን ሲነቃ እንደተሰናከለ ከመዝገቡ ብቻ መለየት አይቻልም፤ ዲስኩም አብሮ ስለሚተኛ ከዚያ በኋላ የሚጻፍ ነገር የለምና።

ለዚህ ሲባል ከርነሉ ውስጥ «ፒኤም ቴስት» የተባለ መፈተኛ ተሠርቷል። መፈተኛው እንቅልፉን በአምስት ደረጃ ከፍሎ፣ በመጀመሪያው ፕሮግራሞችን ብቻ፣ በሁለተኛው መሣሪያዎችን ጨምሮ፣ ቀጥሎም የፈርምዌሩን ዝግጅት፣ ተጨማሪ ፕሮሰሰሮችንና በመጨረሻም የሥርዓቱን መሠረታዊ ክፍሎች እያቆመ፣ አምስት ሰከንድ ያህል ጠብቆ ሁሉንም ይመልሳል። የመጀመሪያው ደረጃ አልፎ ሁለተኛው ላይ ማሽኑ ከደረቀ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ያለው በአንድ ድራይቨር ነው፤ የተጠረጠረውን ድራይቨር ከከርነሉ አስወጥቶ ፈተናውን መድገም ጥርጣሬውን ያረጋግጣል ወይም ያፈርሳል።

ተረት 6፦ «ፎርማት አድርጎ እንደገና መጫን ይፈታዋል።»

እውነታው፦ ያው ከርነል፣ ያው ድራይቨርና ያው ፈርምዌር ተመልሰው ስለሚገቡ፣ ጥፋቱ ከተበላሸ የማስተካከያ ፋይል ካልመጣ በስተቀር ዳግም መጫን ጊዜን ያባክናል፤ ምክንያቱንም የሚያሳየውን መዝገብ ይደመስሳል።

የተሻለው መንገድ ማሽኑ የተሰናከለው ሲተኛ፣ ተኝቶ ሳለ ወይስ ሲነቃ እንደሆነ አስቀድሞ ለይቶ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ መፈተን ነው። የላፕቶፑን ሞዴል፣ የሠራውንና ያልሠራውን ከርነል ቁጥር፣ እንዲሁም ፈተናው የቆመበትን ደረጃ ይዞ ለከርነሉ አዘጋጆች የቀረበ ሪፖርት ዋጋው ከአንድ ማሽን ያለፈ ነው፤ ለአንድ ሞዴል ብቻ የሚሠሩ ማስተካከያዎች ከርነሉ ውስጥ እንዲካተቱ ማድረግ የተለመደ ስለሆነ፣ አንድ ሰው በትዕግሥት ያጣራው ምክንያት ያንኑ ሞዴል ለያዙ ሰዎች ሁሉ በቀጣዩ ማሻሻያ መፍትሔ ሆኖ ሊደርስ ይችላል።