ሪፖርቱ ከየትኛው መዝገብ ተቀዳ?

በሻንቶ ከተማ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ሱቁ በሻንቶ፣ መጋዘኑ በሶዶ፣ ዕቃ የሚያስመጣበት ቢሮው በአዲስ አበባ ነው። የሒሳብ መዝገቡ፣ ባለሙያዎች ዳታቤዝ የሚሉት፣ በሶዶው ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጧል፤ ከዚሁ መዝገብ ቀሪ ዕቃውን እየቆጠረ የሚያሳየው የሪፖርት ፕሮግራምም አለው። ዐዲስ የሒሳብ ሠራተኛ በተቀጠረ ጊዜ ዋናው መዝገብ እንዳይበላሽ ተብሎ በሰኔ 30 ቀን ግልባጩ ተወሰደና ለመለማመጃ በሻንቶው ኮምፒዩተር ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ መዝገቦች በመልክ አይለያዩም። ክረምቱ አልፎ ቤት የሚሠራው ሲበዛ ነጋዴው ሪፖርቱን በሻንቶ ከፍቶ 200 ቆርቆሮ እንዳለው ያነባል፤ ይህንንም አምኖ ከገዢዎች ቀብድ ይቀበላል። መጋዘኑ ሲከፈት ግን የተገኘው 40 ብቻ ነው። ፕሮግራሙ አልዋሸም፤ የመለሰው ግን ከሰኔው ግልባጭ ነበር።

እንዲህ ያለው ስሕተት የሚመጣው ከመደመርና ከመቀነስ ጉድለት ሳይሆን ሪፖርቱና መዝገቡ ከተገናኙበት መንገድ ነው። ነጋዴ ይህን ጉዳይ ለባለሙያው ትቶ ዝም ማለቱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ቀብዱን የሚመልሰው ባለሙያው ስላልሆነ ባለ ገንዘቡ ሊያውቀው ይገባል እንላለን።

ሪፖርቱና መዝገቡ የሚግባቡት በአስተርጓሚ ነው፤ ይህም አስተርጓሚ ድራይቨር ይባላል። በሰፊው የታወቀው ሥርዓት በ1992 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ያወጣው ኦዲቢሲ ነው። በአገራችን ብዙ ነጋዴዎች የለመዱት ፒችትሪ፣ ማለትም ዛሬ ሴጅ 50 የተባለው፣ ሒሳቡን ለኤክሴልና ለክሪስታል ሪፖርትስ በዚሁ መንገድ ሊያቀርብ ይችላል። ሌላው ኦሌ ዲቢ የተባለው ነው። ማይክሮሶፍት በ2011 እ.ኤ.አ. ለኤስኪዩኤል ሰርቨር ኦሌ ዲቢን እንደሚተወው ካስታወቀ በኋላ ሐሳቡን ለውጦ በ2018 እ.ኤ.አ. ዐዲስ ድራይቨር አወጣ፤ በመካከሉም ብዙ ሰው ሪፖርቱን ወደ ኦዲቢሲ ለማዛወር ደክሟል። ስለዚህ የሚመረጠው ድራይቨር፣ ሠሪው ዛሬም የሚያድሰው መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

አስተርጓሚው ከተገኘ በኋላ የመዝገቡ አድራሻ የት ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ቆርቆሮውን ያጠፋውም ይኸው ነው። የመጀመሪያው ዘዴ በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ስም ማስመዝገብ ነው፤ ባለሙያዎች ዲኤስኤን ይሉታል። ሪፖርቱ የሚያውቀው ስሙን ብቻ ሲሆን፣ ስሙ ወደ የትኛው መዝገብ እንደሚያመለክት የሚናገረው ኮምፒዩተሩ ነው። ይህ ዘዴ ሪፖርቱን ሳይነኩ ከመለማመጃው ወደ እውነተኛው መዝገብ ለማሻገር ይመቻል። ጉዳቱም ከዚያው ከምቾቱ ይወጣል፤ «ሽያጭ» የተባለው ስም በሶዶ አንድ ነገር፣ በሻንቶ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛው ዘዴ ሙሉውን አድራሻ በሪፖርቱ ውስጥ መጻፍ ነው። ምዝገባ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን 30 ሪፖርት ያለው ሰው መዝገቡን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ባዛወረ ቁጥር 30 ጊዜ ማረም አለበት። የይለፍ ቃሉም አብሮ ከተጻፈ ሪፖርቱ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም በተላከበት ሁሉ ይከተላል። ሦስተኛው አድራሻውን ከሪፖርቶቹ አውጥቶ በየስፍራው በአንድ የማስተካከያ ፋይል ብቻ ማኖር ነው። አንድ ሱቅና አንድ ኮምፒዩተር ላለው የመጀመሪያው ይበቃዋል፤ ሻንቶንና ሶዶን አዲስ አበባንም ለሚያገናኝ ግን ሦስተኛውን እንመርጣለን።

የትኛውም ዘዴ ቢመረጥ በሪፖርቱ ራስጌ ላይ የመዝገቡ ስምና በመጨረሻ የተመዘገበው ሽያጭ ቀን ይታተም። ሁለቱም በእጅ የተጻፉ ሳይሆኑ ከመዝገቡ ከራሱ የተጠየቁ ይሁኑ። በመስከረም የወጣው ሪፖርት «የመጨረሻ ሽያጭ፦ ሰኔ 30» የሚል ቃል ቢኖርበት ኖሮ ነጋዴው ቀብዱን ባልተቀበለ ነበር። ይህን ለማድረግ ለባለሙያው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

በዊንዶውስ የሚሠሩ ሰዎች ሌላም ወጥመድ አለባቸው። ባለ 64 ቢት በሆነው ዊንዶውስ ላይ ኦዲቢሲ የተመዘገቡ ስሞችን የሚይዝባቸው ሁለት ዝርዝሮች አሉት፤ አንዱ ለባለ 32፣ ሌላው ለባለ 64 ቢት ፕሮግራም። በአንዱ የተመዘገበውን የሲስተም ስም በሌላው የሚሠራ ፕሮግራም አያገኘውም፤ ስለዚህ ስሙ በዐይን እየታየ «አልተገኘም» የሚል መልስ ይመጣል። የሚገርመው ደግሞ የ64ቱ መሣሪያ ያለው «ሲስተም 32» በተባለው ማኅደር ሲሆን፣ የ32ቱ ያለው ስሙ በ«64» በሚያልቀው ማኅደር ነው። ይህን ያላወቀ ቀኑን ሙሉ ቢደክም አይፈረድበትም።

የአማርኛ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ማይኤስኪዩኤል ለኦዲቢሲ ያወጣቸው ድራይቨሮች ግን ሁለት ዐይነት ናቸው፤ ዩኒኮድ ያልሆነው ከተመረጠ የዕቃው ስም የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ሪፖርቱን በወላይትኛ ስም ብቻ የፈተነ ሰው ጉድለቱን ሳያይ ያልፋል። የበጀት ዓመታችን የሚጀምርበት ሐምሌ 1 ቀንም በፈረንጆች ጁላይ 8 መሆኑ እንዳይዘነጋ፤ «ከጁላይ 1 ጀምሮ» ተብሎ የተጠየቀ ሪፖርት የአሮጌውን ዓመት ሰባት ቀን ከዐዲሱ ይቀላቅላል።

ለሪፖርቱ የሚሰጠው የመግቢያ ስም ማንበብ እንጂ መጻፍ የማይችል ይሁን። መስመር የሚቋረጥበት ሱቅም ዋናውን መዝገብ ከሩቅ ከሚጎትት ይልቅ ሌሊት በተወሰደ ግልባጭ ቢሠራ ይሻለዋል፤ የተወሰደበት ሰዓት በራስጌው ላይ እስከ ታተመ ድረስ።

ሥራውን ከባለሙያው ሲረከቡ በሶዶ አንድ ኪሎ ሚስማር ሸጠው ያስመዝግቡ፤ ከዚያም በሻንቶና በአዲስ አበባ ያንኑ ሪፖርት ያውጡ፤ በግልባጭ የሚሠራ ከሆነ በማግሥቱ ጠዋት። አንድ ኪሎው በሁለቱም ቦታ ካልቀነሰ ቀሪውን ክፍያ አይክፈሉ።