ጨው ያልተስማማው ሻርክ

ስሙ ብሩስ ነው፤ ያወጡለትም በዳይሬክተሩ በስቲቨን ስፒልበርግ ጠበቃ ስም ነው። ለፊልም የተሠራ ሰው ሠራሽ ሻርክ ነው፤ ርዝመቱ ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን የሚንቀሳቀሰው በታመቀ አየር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 «ጆውስ» የተባለው ፊልም በአሜሪካ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት ሲቀረጽ ሁሉም ዓይኑን የጣለው በእሱ ላይ ነበር።

እንዲያውም ብሩስ አንድ አልነበረም። አንዱ ሙሉ አካል ነበረው፤ ሁለቱ ግን በአንድ ጎናቸው ቆዳ ለብሰው፣ በሌላው ቱቦና ብረታቸው እንደተገለጠ የተሠሩ ናቸው። ሦስቱም በባሕር ውሃ ሳይፈተኑ ወደ ደሴቱ ሄዱ። ጨው ቱቦና ሞተራቸውን በላው፤ ለ55 ቀን የታቀደው ቀረጻም 159 ቀን ፈጀ።

«ሻርኩ ስለተበላሸ ፊልሙ አማረ» የሚባለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ይህን የሚደጋግሙ ሰዎች የባለሙያዎቹን ድካም ይዘነጋሉ። ብልሽት ብቻውን ትዕይንት አይሠራም፤ አውሬው ሳይታይ ሰው እንዴት እንደሚፈራ ማሰብ የነበረባቸው ሰዎች ናቸው። የካሜራ ባለሙያው ቢል በትለር ካሜራውን ከውሃው ገጽ ጋር አስተካክሎ ተመልካቹን እስከ አገጩ የነከረው ያህል አደረገ። የሙዚቃ ደራሲው ጆን ዊሊያምስ ደግሞ በሁለት ኖታ ብቻ የሻርኩን መምጣት አሳወቀ።

ከሁሉ የሚደንቁት ግን ቢጫዎቹ በርሜሎች ናቸው። አዳኞቹ ሻርኩን ሲወጉት፣ ጠልቆ እንዳያመልጥ በገመድ በርሜል ያስሩበታል። ከዚያ በኋላ ብሩስ ባይታይም ግድ የለም። በርሜሉ ውሃውን እየሰነጠቀ ወደ ጀልባዋ ሲገሰግስ፣ ተመልካቹ ከሥሩ ያለውን ግዝፈት ራሱ ይገምታል። በርሜሉ ድንገት ቁልቁል ሲሰጥም ደግሞ ይብሳል፤ አየር የሞላውን ነገር እንደዚያ የሚጎትት ጉልበት ምን ዓይነት ነው? ጥገና የማይሻ ተራ ዕቃ የውዱን ማሽን ሚና ተረከበ።

ኤዲተሯ ቬርና ፊልድስ የኦስካር ሽልማት ያገኘችው በዚህ ፊልም ነው። የሬሳ ራስ ከተሰበረ ጀልባ ብቅ የሚልበት አስደንጋጭ ትዕይንት የተቀረጸውም በእሷ መዋኛ ገንዳ ነው፤ ውሃው እንዲደፈርስ ወተት ተጨምሮበት።

ብሩስንም «የማይረባ ማሽን» ማለት ግፍ ነው። መጨረሻ ላይ የጀልባዋ ኋላ ላይ ወጥቶ አዳኙን ኩዊንትን የሚውጠው እሱ ነው።

ሦስቱ ብሩሶች ዛሬ የሉም። ከዚያው ቅርጽ ማውጫ የወጣው አራተኛው ግን በሎስ አንጀለሱ የአካዳሚ ሙዚየም ተሰቅሏል። ሙዚየሙ ያለው በፌርፋክስ ጎዳና ከሊትል ኢትዮጵያ ወደ ሰሜን ትንሽ ሄድ ብሎ ነውና፣ እዚያ ለምሳ የወጣ ሰው ሳያየው አይመለስ።