ካቢኔቱን ማን አሳበጠው?

እናንተዬ፣ ትዳር በስንቱ ይፈተናል! አዲስ ተጋቢዋ ጓደኛዬ ሰሞኑን እያለቀሰች ደወለችልኝ። «ምን ሆንሽ?» ስላት «የኪችን ካቢኔታችን አበጠ» አትለኝም! ሳቄ መጣ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ቤቱ የኪራይ ነው። አከራይዋ «ሙሉውን ታስቀይራላችሁ» ብለዋል። ባልየው ደግሞ «ውኃ እየደፋሽበት ነው» ብሎ ሦስት ቀን አኩርፏል።

ሄጄ አየሁት። ያበጠው ሲንኩ አጠገብ ሳይሆን ከዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ በር በላይ ነው! ማሽኑ አጥቦ እንደጨረሰ በሩን ስትከፍቱት ትኩስ እንፋሎት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ቺፕውድ ደግሞ በሙጫ የተጨፈለቀ የእንጨት ፍርፋሪ ነው። ፎርማይካው የሚሸፍነው ከላይ ነው፤ ሥሩ ራቁቱን ከሆነ እንፋሎቱን ይጠጣና ያብጣል። አንዴ ካበጠ አይመለስም። (ግራናይት ያላችሁ፣ እናንተስ ተኙ!)

ታዲያ ማሽኑ ቦታው ከመግባቱ በፊት ከጣውላው ሥር፣ በፊት ለፊቱ ጠርዝ በኩል፣ የአልሙኒየም ፕላስተር ይለጠፋል። ሥሩ መጀመሪያ በደንብ ይጸዳ፣ ይድረቅ፤ አለዚያ ፕላስተሩ ይላቀቃል። ርዝመቱ ከማሽኑ ግራና ቀኝ ትንሽ ይለፍ። የተቆረጠ ባዶ ጠርዝ ካለ ሲልከን ቀቡት። ማሽኑ ሲያቆምም ቶሎ አትክፈቱ፤ 20 ደቂቃ ያህል ይቀዝቅዝ።

ፕላስተሩ ከአንዳንድ ማሽኖች ጋር አብሮ ይመጣል። የነጓደኛዬማ በረንዳ ላይ ከተጣለው ካርቶን ውስጥ ሳይከፈት አገኘነው! ማሽኑን የገጠመው ማን መሰላችሁ? ያው ባልየው! ኩርፊያው ማታውኑ አለቀ። አከራይዋን ማን ያናግር የሚለው ግን እስካሁን አልተወሰነም።