ለስቴፕ 1 (ለአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና የመጀመሪያ ክፍል) የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?

ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ በውስጥ መስመር ይደርሰኛል። አብዛኛው ጠያቂ ፈርስት ኤይድን ገዝቶ ጨርሷል፤ ከእኔ የሚፈልገው «አበጀህ» እንድለው ነው።

ፈርስት ኤይድ ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ግን የሚያገለግለው ያወቁትን ለመከለስ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የጓደኛ ቅጂ ተውሳችሁ የዊልሰን በሽታን አንብቡ። ኤቲፒ7ቢ የተባለው ጂን ሲበላሽ መዳብ በጉበት፣ በአንጎልና በዓይን ይጠራቀማል፤ በደም ውስጥ ያለው ሴሩሎፕላስሚን ይቀንሳል። መጽሐፉን ዝጉና «ለምን ቀነሰ?» በሉ። መዳብ ያልተጫነበት ፕሮቲን ቶሎ ስለሚፈርስ መሆኑን ማስረዳት ከቻላችሁ መጽሐፉ ለእናንተ ነው። ካቃታችሁ ግን ገና ነው፤ ለፓቶሎጂ ፓቶማን፣ ለፊዚዮሎጂ ኮስታንዞን አስቀድሙ።

አገር ቤት የተማርን ሐኪሞች በቲቢና በሩማቲክ የልብ በሽታ አንታማም። የሚያስቸግረን ባዮኬሚስትሪና ባዮስታቲስቲክስ ነው። መጽሐፉን በደከማችሁበት ምዕራፍ መዝኑት። (እኔ በምወደው ካርዲዮሎጂ መዝኜ ሦስት ወር አቃጥያለሁ።)

እትሙ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የአምናው ግን ችግር የለውም። የእርማት ዝርዝሩን አውርዳችሁ በእስክሪብቶ አስተካክሉ።

ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፈተናው ውጤት «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ስለሆነ ጥያቄ መሥራት የሚተዉ አሉ። አትሞኙ! ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ የጥያቄ ባንኩን ዩወርልድን ግዙ፤ መጽሐፉን ከተፈተነ ሰው ውረሱ። የእኔው አሁን አራተኛ ሰው እጅ ገብቷል፤ ቡና የፈሰሰበት ገጽ አሲድና ቤዝ ነው።