የባሕር በረዶና የኬፕ ኤቫንስ የእንጨት ቤት

ውሃ በዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይረጋል ብለን የተማርነው ሕግ ለባሕር ውሃ አይሠራም። በሺህ እጅ 35 እጅ ያህል ጨው ያለበት ውሃ የሚረጋው ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 1.9 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ነገር ግን የጨው ሥራ በዚህ አያበቃም።

የሐይቅ ውሃ ከ4 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ እየቀለለ ከላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ገጹ ቶሎ ይረጋል። የባሕር ውሃ ግን በቀዘቀዘ ቁጥር እየከበደ ይሰምጣል፤ ከታች የሚተካውም በተራው መቀዝቀዝ አለበት። በመጨረሻ መርጋት ሲጀምር የበረዶው ክሪስታል ጨውን አይቀበልም። ከፊሉ ጨው ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ የቀረው በጥቃቅን ጉድጓዶችና ቦዮች ተቋጥሮ፣ ሳይረጋ፣ በበረዶው ውስጥ ይቀመጣል። ከዚህ የተነሣ አዲስ የባሕር በረዶ እንደ ሐይቅ በረዶ ቀጭ ብሎ አይሰበርም፤ ከእግር በታች ይጎብጣል። በእኩል ውፍረት ሲመዘንም ከሐይቅ በረዶ ይደክማል። እድገቱ ደግሞ እየዘገየ ይሄዳል፤ በረዶው ራሱ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የባሕሩን ሙቀት ያግዳልና። ከሰማይ የሚወርደው ለስላሳ በረዶ ሲደረብበት ይብሳል። (በአማርኛ ሁሉንም በረዶ ስለምንለው፣ ለመለየት ያስቸግራል።)

ይህ ሁሉ ምን ያህል ብርቱ ነገር እንደ ሆነ በአንታርክቲካ፣ በማክመርዶ ሳውንድ የተፈጸመ አንድ ታሪክ ያሳያል። በዚያ በሮስ ደሴት ላይ ካፒቴን ስኮት ያሠሯቸው ሁለት የእንጨት ቤቶች አሉ፤ አንዱ በ1902 በሀት ፖይንት፣ ሁለተኛው በ1911 በኬፕ ኤቫንስ። በመካከላቸው 20 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ የተለመደው መንገድም የባሕሩ በረዶ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በሜይ 8 ቀን 1916 ዓ. ም. የሻክልተን ጉዞ የሮስ ባሕር ቡድን መሪ ኤኔያስ ማኪንቶሽና ባልደረባቸው ቪክቶር ሃይዋርድ ከሀት ፖይንት ተነሥተው ወደ ኬፕ ኤቫንስ በእግር ሄዱ። በረዶው ገና ለጋ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የበረዶ አውሎ ነፋስ ተነሣ፤ ጋብ ሲል ጓደኞቻቸው ዱካውን ቢከተሉ፣ በረዶው ተገምሶ ከሄደበት ጫፍ ላይ ተቋርጦ አገኙት። ሁለቱም እስከ ዛሬ አልተገኙም። የቀሩት ሦስት ሰዎች እስከ ጁላይ ታግሠው በደኅና ተሻገሩ።

ብዙዎች ይህን በችኮላ ብቻ ይተረጉሙታል። በእኔ አስተያየት ግን ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው፤ የሰው ክብደት የሚሸከም በረዶና ነፋስን የሚቋቋም በረዶ አንድ አይደሉም። ቀጭኑ በረዶ እግራቸውን ችሎ ሳለ፣ ነፋሱ ሰባብሮ ወደ ሰሜን ሊነዳው ይችል ነበር።

የኬፕ ኤቫንሱ ቤት በኒውዚላንድ በተቋቋመ የአንታርክቲካ ቅርስ ጠባቂ ድርጅት ተጠግኖ ዛሬም ቆሟል። አልጋዎቹ፣ የምግብ ቆርቆሮዎቹ፣ የፖንቲንግ ፎቶግራፍ ማጠቢያ ክፍል አሉ። በግድግዳው ውስጥ የተሰፋ የባሕር ሣር ተደርጎበታል፤ የታሰረ አየር ሙቀትን ስለሚያግድ ነው። በ1911 የፊዚክስ ሊቁ ቻርልስ ራይት በረዶን ሲመረምሩ የከረሙት ከዚህ ቤት ነበር። ሻክልተንን ይጠብቅ ከነበረው ቡድን አንዱ፣ ሪቻርድስ፣ በኦገስት 1916 የሦስት ሟቾችን ስም ከአልጋ አጠገብ ባለው ሳንቃ ላይ ጽፏል፤ የማኪንቶሽና የሃይዋርድ ስም ከዚያ ውስጥ ነው።

ዛሬ ከስኮት ቤዝና ከማክመርዶ ጣቢያ የሚወጡ ተመራማሪዎች በረዶውን በመሰርሰሪያ በስተው፣ ጫፉ ላይ መስቀለኛ ብረት ያለበት መለኪያ ገመድ ያወርዳሉ፤ ብረቱ ከታች ሲይዝ ውፍረቱ ይነበባል። ጨውን ለመለካት ደግሞ እንደ ምሰሶ የተቆረጠ በረዶ አውጥተው ወዲያው ይከትፉታል፤ ከዘገዩ ጨዋማው ውሃ ይንጠባጠባልና። ከዚያ አቅልጠው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይሉን ይመረምራሉ። በማክመርዶ ሳውንድ ግን የአየሩን ቅዝቃዜ ብቻ ይዞ ውፍረቱን ማስላት አይበቃም። ከተንሳፋፊው ታላቅ ግግር በረዶ ሥር የሚመጣው ውሃ ከመርጊያው ነጥብ በታች ቀዝቅዞ ስለሚደርስ፣ ስስ የበረዶ ቅጠሎች ከታች በኩል ይለጠፋሉ። ስንጥቅ ሲያጋጥማቸውም በአንድ ቀዳዳ አይወሰኑም፤ ከዳር እስከ ዳር ደጋግመው ይበሳሉ፤ በአንድ እርምጃ ልዩነት ውፍረቱ ሊለወጥ ይችላልና።